‹እንቆቅልህ› አትበሉን

አዲሱ የአለቆች ፋሽን መጠየቅ ነው። ድሮ አለቃ ያዝዝ ነበር፤ አሁን ይጠይቃል። የሁለት ቀን ስልጠና ይወስዳል፣ የምስክር ወረቀቱን ሊንክድኢን ላይ ይለጥፋል፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ይገባና «አንተ ራስህ ምን ይመስልሃል?» ማለት ይጀምራል። ስሙ «ኮቺንግ» ነው። ጎበዝ ሠራተኛን የምታሳድገው መመሪያ በመስጠት ሳይሆን ጥሩ ጥያቄ በመጠየቅ ነው ይባላል። ሐሳቡን አልቃወምም፤ እንዲያውም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የምቃወመው በዚህ ስም በየቢሮው የሚሠራውን ነው። ምክንያቱም አብዛኛው አለቃ የቀየረው የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ብቻ ነው፤ አራት ነጥቡን አንስቶ የጥያቄ ምልክት አስገብቶበታል።

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ በአምስት አለቆች ሥር ሠርቻለሁ። አምስቱም ኮድ ያውቃሉ፣ ሥራ ይወዳሉ፣ ክፉ የሚባል አልነበረም። መጠየቅ የምትችለው ግን አንዷ ብቻ ነበረች። ስለ ክፉ አለቃ መጻፍ አልፈልግም። ክፉ አለቃን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሻይ ላይ ይታማል፣ አንድ ቀን ይቀየራል። የምጽፈው ጥሩ ሰው ሆኖ፣ መጽሐፍ አንብቦ፣ «እኔ በጥያቄ ነው የምመራው» ብሎ ከልቡ አምኖ፣ ጎበዝ ልጆቹን ግን አንድ በአንድ ስለሚያጣው አለቃ ነው።

ሦስት ዓይነት ውሸት

ልጅ ሆነን የተጫወትነውን አስታውሱ። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ጠያቂው መልሱን ያውቀዋል። ሳያውቅ አይጠይቅም፤ የጨዋታው ሕግ ነው። መላሹ ሲሞክር፣ ሲሳሳት፣ ደግሞ ሲሞክር ጠያቂው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። አቃተው? «ሀገር ስጠኝ።» ጎንደርን ወይም ሐረርን ይቀበልና፣ ተሸናፊውን አብጠልጥሎ ሰድቦ፣ መልሱን ይነግረዋል። ለልጆች ግሩም ጨዋታ ነው።

ቢሮ ውስጥም ዋናው የጥያቄ ዓይነት ይኸው ነው። አለቃው መልሱን ይዞ ይመጣል። «ይሄን ሞጁል እንዴት ብንሠራው ይሻላል ትላለህ?» ይልሃል። ትናገራለህ። «እሺ፣ ሌላስ?» ትጨምራለህ። «ሌላ አማራጭ አይታይህም?» ሦስተኛው ላይ ትነቃለህ፦ ሰውዬው ሐሳብህን እየሰማ አይደለም፤ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ቃል እስክትጠራለት እየጠበቀ ነው። ስትጠራው «በጣም ጥሩ! አየህ፣ ራስህ አመጣኸው» ይላል። አላመጣሁትም እኮ! ገምቼ ነው ያገኘሁት። በቀጥታ «እንዲህ ሥራው» ቢለኝ ሃያ ደቂቃ እናተርፍ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በኋላ ነገሩ ሲበላሽ «ያንተው ሐሳብ ነበር» አልባልም ነበር።

የእንቆቅልህ ኮቺንግ ትልቁ ነውር እዚህ ላይ ነው። ውሳኔው የአለቃው፣ ተጠያቂነቱ የሠራተኛው ይሆናል። ትእዛዝ ቢያንስ ባለቤት አለው።

ሁለተኛው ዓይነት ሰላምታ ነው። «እንዴት ነህ? ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና?» ለዚህ ሁሉ መልሱ ድሮ ተወስኗል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ»። ሰላምታን አላቃልልም፤ ሰላምታ ቁም ነገር ነው፣ ግን ጥያቄ አይደለም። አለቃና ሠራተኛ ለብቻቸው የሚቀመጡበት ውይይት፣ ዋን ኦን ዋን የምንለው፣ እኛ ጋ የተራዘመ ሰላምታ ሆኖ ቀርቷል። «ሥራ እንዴት ነው?» «አሪፍ ነው።» «የከበደህ ነገር አለ?» «ኧረ የለም።» «በርታ!» አራት ደቂቃ። ልጁ እኮ ባለፈው ሳምንት ሌላ ድርጅት ኢንተርቪው አድርጎ መጥቷል። «አሪፍ ነው» ያለው ዋሽቶ አይደለም፤ የተጠየቀው ሰላምታ ስለሆነ በሰላምታ መለሰ።

ሦስተኛው ግምገማ ነው። ይህ ቃል እኛ አገር ታሪክ አለው። ኢሕአዴግ ከትጥቅ ትግሉ ይዞት የገባው የግምገማና የግለ ሂስ ልማድ በየመሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ተሠርቶበታል። እዚያ ስብሰባ ላይ «ለምን?» የሚለው ቃል በአብዛኛው ጥፋተኛ መፈለጊያ እንጂ ምክንያት መፈለጊያ አልነበረም። የእኔ እኩዮች ብዙዎቻችን እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጥንም። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ግን ተቀምጠዋል፤ እኛም ቃሉን ከነቃናው ወርሰነዋል። ዛሬም ቢሮ ውስጥ «ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ሲባል የሚሰማው «ጥፋትሽን እመኚ» ነው።

ሃያ መስመር ኮድ

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ድርጅት ክፍያ የሚያስተላልፍ ሲስተም እንሠራ ነበር። አብራን የምትሠራ አንዲት ጁኒየር ዴቨሎፐር ነበረች፤ ከሁላችንም ይልቅ ሎግ የማንበብ ትዕግሥት የነበራት። አንድ ክፍያ ወደ ባንኩ ከመላኩ በፊት፣ ያው ክፍያ ቀደም ብሎ ተልኮ እንደሆነ የሚያጣራ ኮድ ጨመረች። ሃያ መስመር አይሞላም። ሲኒየሩ ኮዱን ሲያይ «ይሄ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ጻፈላት። መልሷ «እሺ፣ አወጣዋለሁ» ነበር። አወጣችው።

ልብ በሉ፤ ተጠይቃለች። ለሚያይ ሰው ኮቺንግ ነው። ምክንያቱንም በደንብ ታውቀው ነበር፦ ባንኩ አንዳንዴ ለመመለስ ከተጠበቀው በላይ ይዘገያል፤ የእኛ ሲስተም ክፍያው እንዳልተሳካ ቆጥሮ ደግሞ ይልካል፤ ደንበኛው ሁለቴ ይቆረጥበታል። ሎጉ ላይ አይታዋለች። ግን «ለምን?» ስትባል የሰማችው ፍርድ ነው፤ ለፍርድ ደግሞ ምክንያት አይሰጥም፣ ይቅርታ ነው የሚባለው። ከሳምንታት በኋላ ሰዎች «ሁለቴ ተቆረጠብን» ብለው መደወል ሲጀምሩ ስብሰባ ተጠራ። የስብሰባው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደነበር ትገምታላችሁ። «ማን ነው የነካው?»

ሲኒየሩ «ምን አይተሽ ነው ይሄን የጨመርሽው?» ቢላት ኖሮ በሦስት ዓረፍተ ነገር ትነግረው ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚፈልጉት መረጃ አንድ ነው። የመጀመሪያው ግን እሷን ከሳሽ ፊት ያቆማታል፤ ሁለተኛው ምስክር ያደርጋታል። ምስክር ይናገራል። ተከሳሽ ጠበቃ ካላገኘ ዝም ይላል።

ስለ «እሺ» አንድ ነገር ልበል። ዴቨሎፐሮች ይገባችኋል፦ ምንም ዓይነት ጥያቄ ብትልክለት ሁልጊዜ 200 የሚመልስ፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ኤፒአይ አለ አይደል? ዳሽቦርዱ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ዴታቤዙ ውስጥ ግን ምንም አልተጻፈም። «እሺ» በእኛ ቢሮ እንደዚያ ነው። «ሰምቻለሁ» ማለት እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም። ከጎበዝ ሠራተኛ «እሺ» ብቻ የሚሰማ አለቃ ሲስተሜ ጤነኛ ነው ብሎ ይተኛል።

ከቴኒስ ሜዳ

ኮቺንግ ከሥሩ ሲታይ ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። ቲሞቲ ጋልዌይ የሚባል አሜሪካዊ የቴኒስ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው፤ ተማሪን በመመሪያ ስታጥለቀልቀው ይብስበታል። ስለዚህ «ኳሷን ተመልከት» ማለቱን ትቶ፣ ኳሷ መሬት ነክታ ስትነጥርና በራኬት ስትመታ ተማሪው ጮክ ብሎ እንዲናገር አደረገ። ለመናገር ደግሞ ማየት ግድ ነው። ሐሳቡን ወደ ቢሮ ካመጡት አንዱ የቀድሞ የመኪና ተወዳዳሪ ጆን ዊትሞር ነው። በ1992 ባወጣው መጽሐፍ ግሮው የተባለውን ቅደም ተከተል አስፋፋ፦ ግቡ ምንድን ነው፣ አሁን ያለው እውነታ ምንድን ነው፣ ምን አማራጭ አለ፣ ምን ለማድረግ ቆርጠሃል። እሱም የቴኒሱን ምሳሌ ይጠቀማል። ተጫዋቹን «ኳሷን እያየህ ነው?» ብትለው «አዎ» ይልሃል፤ ወይ ይዋሽሃል። «ኳሷ ወደ የት እየተሽከረከረች ነው የምትመጣው?» ብትለው ግን ለመመለስ የግድ ማየት አለበት።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ስልጠናዎቻችን የዘለሉት አንድ ነገር አለ። አሠልጣኙ ኳሷን ከተጫዋቹ ዓይን ሆኖ አያያትም። የተጫዋቹ መልስ መረጃ ነው፤ ቀጣዩ እርምጃ በእሱ ላይ ይመሠረታል። እኛ ግን አራቱን ፊደላት ይዘን መጣን፣ በወረቀት ላይ አትመን ግድግዳ ላይ ሰቀልናቸው፣ ከዚያ መልሱን የምናውቀውን ጥያቄ በአራት ከፍለን መጠየቅ ጀመርን።

በእኛ ሙያ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ምክንያቱም ሰው አለቃ የሚሆነው ኮድ ስለጎበዘ ነው። ዕድሜ ልኩን የተሸለመው መልስ በማወቅ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 የራሱን ማኔጀሮች ማጥናት ሲጀምር፣ ጥሩ ማኔጀርን የሚለዩ ስምንት ባሕርያት አገኘ። በዝርዝሩ አንደኛ የተቀመጠው ጥሩ ኮች መሆን ነው፤ የቴክኒክ ችሎታ ስምንተኛ፣ መጨረሻ ላይ ነው። የኢንጂነሮች ድርጅት ነው ይህን ያገኘው። እኛ ግን እስካሁን በስምንተኛው ነው የምንሾመው።

«ማን ነው የነካው?» የሚለውም ቢሆን የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት ስህተትን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት፤ የተሻለ አብሮ የሚሠራው ቡድን ብዙ ስህተት የተመዘገበበት ሆኖ ተገኘ። እነሱ የበለጠ ስለተሳሳቱ አልነበረም፤ ስህተታቸውን መናገር ስለማይፈሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኢትሲ የተባለው የኦንላይን ገበያ ኢንጂነሮች፣ ሲስተም ሲወድቅ ጥፋተኛ ሳይፈልጉ እንዴት እንደሚመረምሩ በይፋ ጻፉ። ጥያቄያቸው «ማን?» አልነበረም፤ «በዚያ ሰዓት ምን ይታይህ ነበር? ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅክ?» የሚል እንጂ። ሲኒየሩ ያንን ቢጠይቃት ኖሮ ብዬ የማስበው ለዚህ ነው።

መንገድ ጠያቂ

ታዲያ እውነተኛ ጥያቄ በምን ይታወቃል? የእኔ መለኪያ መንገድ የሚጠይቅ ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት በቁጥር ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ብዙ የለም፤ ጠይቀን ነው የምንደርሰው። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ወደ ጤና ጣቢያው በየት በኩል ነው?» የሚል ሰው መንገዱን አያውቀውም። መልሱ ያስፈልገዋል። ዋናው ደግሞ፣ «በቀኝ ታጠፍ» ስትለው እግሩ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ጠይቆህ፣ አመስግኖህ፣ በግራ ቢሄድ ምን ትላለህ? ሁለተኛ ትመልስለታለህ?

ጎበዝ ሠራተኛ ከጥያቄው ይልቅ እግሩን ነው የሚያየው። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ፣ ሦስት ጊዜ መልሶ፣ ምንም ካልተቀየረ አራተኛው ላይ «እሺ» ይላል። ይህ ኩርፊያ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ጥያቄ ከመጠየቃችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ መልሱን አውቀዋለሁ ወይ? የማልወደው መልስ ቢመጣ የምቀይረው ነገር አለ ወይ? ሁለተኛው ላይ «የለም» ካላችሁ አትጠይቁ።

ያቺ አንዷ አለቃዬ ቀመር አልነበራትም። የምትጠይቀው ጥቂት ነበር። «እኔ የማላየው፣ አንተ ኮዱ ውስጥ ስለሆንክ የምታየው ምንድን ነው?» «ይሄ ቢሰበር መጀመሪያ የሚሰበረው የት ጋ ይመስልሃል?» «ከያዝከው ሥራ ውስጥ ብንተወው ማንም የማይጎዳበት የትኛው ነው?» «ከመንገድህ ላይ ምን ላንሳልህ?» ከዚያ ትጽፋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ በጻፈችው ትጀምራለች፦ «ያልከኝን ሁለቱን አድርጌያለሁ፤ ሦስተኛው አልተቻለም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።» «አልተቻለም» ብላኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቃሌ የሆነ ቦታ ደርሶ ነበራ! አንዴ «ይሄን ሪፖርት ብንተወው ማንም አይጎዳም» አልኳት። ሪፖርቱን ያስጀመረችው ራሷ ነበረች። ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ፤ በሳምንቱ ሪፖርቱ ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ የጠየቀችኝን ሁሉ ከልቤ መለስኩ።

«ግን እኮ...»

የሚመጡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ባህላችን አይፈቅድም፤ የሚጠይቅ አለቃ የማያውቅ ይመስላል» የሚል ነው። የየትኛው ባህል? «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያለው እኮ የእኛው ሰው ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ የሚያርመው ከሰማ በኋላ ነው። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፤ ቢፈርድ ሽማግሌ አይባልም። ባህል ባህል የምትሉት ባህሉን አይደለም፤ ወንበሩን ነው። ስታርትአፕ ውስጥ ሁላችንም «አንተ» እና «አንቺ» ተባብለን፣ ቲሸርት ለብሰን፣ ወንበሩ ግን እንደ ድሮው አንቱ እንደተባለ ነው።

ሁለተኛው «ጊዜ የለም፤ ዴድላይን አለ» ነው። ሲስተም ወድቆ ሳለ «ምን ይሰማሃል?» በሉ አላልኩም። እሳት ሲነሳ እዘዙ፤ ማንም አይቀየማችሁም። ግን ዓመቱን ሙሉ እሳት ከሆነ እሱ ራሱ የጥያቄ እጦት ምልክት ነው። ሃያ ደቂቃ የሚያወጣ ጥያቄ ቀርቶ ነው ስንት ቀን ሙሉ ለደንበኞች ገንዘብ ስንመልስ የከረምነው። ደግሞ መልስ ይዘገያል። ቡና ስትጠጡ አስተውሉ፤ አቦል ላይ የሚወራው የአየሩ ጠባይ ነው፣ የልብ ነገር ቶና ላይ ነው የሚወጣው። ጠይቆ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ራሱ የሚመልስ አለቃ አቦሉን ጠጥቶ የሚነሳ እንግዳ ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። «ጎበዞቹ የሚሄዱት በደመወዝ ነው፤ የምን ጥያቄ ታወራለህ?» እውነት አለው። በሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ በብር የሚከፈለውና በዶላር የሚከፈለው ዴቨሎፐር ሁለት የተለያየ አገር ነዋሪ ሆኑ። ይህን ጥያቄ አያክመውም። እንዲያውም ጭማሪ ላለመስጠት ኮቺንግ የሚሰጥ ድርጅት ካለ ስሙ ሌላ ነው። ጥያቄ የእንጀራ ምትክ አይደለም።

ግን ሁሉም በደመወዝ አይሄድም፤ የሚሄደውም በደመወዝ ብቻ አይሄድም። ያቺ ጁኒየር ዴቨሎፐር ዛሬ ውጭ ላለ ድርጅት ከቤቷ ሆና ትሠራለች። ስትለቅ «የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ ነው» አለች፤ ሁሉም አመናት። ለእኔ ግን ሻይ ቤት ተቀምጠን እንዲህ አለችኝ፦ «ደመወዙ ውሸት አይደለም። ግን ሁለት ዓመት ስሠራ ምን እንደማውቅ የጠየቀኝ ሰው የለም።» መልቀቂያዋን ስታስገባ ድርጅቱ የመውጫ ቃለ መጠይቅ አደረገላት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰላሳ ደቂቃ ሙሉ የተጠየቀችው ያን ቀን ነው፤ ስትወጣ። በእንቆቅልህ ጨዋታ ሀገር የሚሰጠው መልሱን ያላወቀ ሰው ነው። እኛ ጋ መልሱን የሚያውቁት ናቸው ሀገር እየሰጡን የሚሄዱት።

ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ አለቃ አይደላችሁም። ግን በእኛ ሙያ ቲም ሊደር የሚኮነው በሦስትና በአራት ዓመት ነው፤ ወንበሩ ሳታስቡት ይመጣል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ጁኒየሯ ያልገባችሁን ኮድ ይዛ ትመጣለች፣ ምላሳችሁ ላይ «ለምን» ይመጣል፣ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ደግሞ የራሳችሁ መልስ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ምን እንደምትሉ ዛሬ ወስኑ።

አሁን ወንበሩ ላይ ላላችሁት ደግሞ ልመናዬ ትንሽ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ከጎበዝ ሠራተኛችሁ ጋር ስትቀመጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ መልሱን የማታውቁትን፣ መልሱ ሲመጣ የሆነ ነገር ሊያስቀይራችሁ የሚችለውን። ከዚያ ዝም በሉ። ጻፉ። በሳምንቱ ምን እንዳደረጋችሁ ተመልሳችሁ ንገሩት። እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ከሌላችሁ ግን ግዴለም፣ በግልጽ እዘዙን። ትእዛዝ እንችላለን።